መብራቱን ማን በላው?

«መብራቱን የምትበላው እሷ ናት። እንግዶቹ ሳይደርሱ ዛሬውኑ ወደ አባቷ ትሂድልኝ።»

አቻምየለሽ ይህን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ቆማ ፊቷን ስትታጠብ ነው። ተናጋሪዋ እናቷ ወይዘሮ እማዋይሽ ነበሩ፤ አድማጩ ደግሞ ሚስት ሊያገባ ቤቱ ሽር ጉድ የሚልለት፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ታላቅ ወንድሟ እንዳለው። «እሷ» የተባለችው የቤቱ ሠራተኛ ካሰች እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ቃሉ ለሁለቱም ልጃገረዶች እኩል ደረሳቸው። የካሰች ቢላዋ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ምንም እንዳልሰማች ሁሉ መላጧን ቀጠለች። አቻምየለሽ ውኃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ ወንድሟ አንድ ነገር ይላል ብላ ጠበቀች። እንዳለው የተማረ ሰው ነው፤ መሥሪያ ቤት ውሎ የሚገባ፣ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ለአገሩ ሰው ማመልከቻ የሚጽፍ። ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሰማችው። ከዚያ «እርስዎ እንዳሉ» አለ።

ነገሩ የጀመረው በጥምቀት ሰሞን ነበር። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ መብራት ያለው ከአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተሰለፈው ቆርቆሮ ቤት ብቻ ነበር። መብራቱን የሚያድለው ዘሩ የሚባል ባለወፍጮ ነው፤ ቀን እህል የሚፈጭበትን ሞተር ሲመሽ ቀበቶውን ወደ ጄኔሬተሩ ያዞረዋል፤ የሚያስከፍለውም በአምፖል ቁጥር ነው። የወይዘሮ እማዋይሽ ቤት ሳሎን፣ መኝታ ቤትና በረንዳ ላይ አንዳንድ አምፖል አለው። እንዳለው ግን ለጥምቀት ሲመጣ በአውቶቡስ ጣሪያ አስጭኖ ባለሁለት ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ አመጣ። ማድ ቤት ቢገባ ጭስ ያጠቁረዋል ተባለና ሳሎን ውስጥ፣ ዳንቴል በለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሟቹ አባታቸው ፎቶግራፍ ሥር ተቀመጠ። ዘሩ እንዳያየው ደግሞ ነጠላ ይጣልበታል። እንግዳ ሲመጣ ካሰች ወጡን ከማድ ቤት አምጥታ ትጥዳለች፤ ወይዘሮ እማዋይሽ ማብሪያውን በገዛ እጃቸው ያዞራሉ፤ ካሰችም ወጡ እስኪሞቅ በሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። ጥቂት ቆየት ብሎ ቤቱ ድርግም ይላል። አንድ ቀን ሆነ። ጎረቤት በተሰበሰበበት ደገመ። በሳምንቱ ሠለሰ። ዘሩ እየተጠራ በረንዳው ላይ ካለችው የፊውዝ ሳጥን የቀለጠችውን ቀጭን ሽቦ አውጥቶ ሌላ ያስራል፤ ያን ጊዜ ምድጃው ነጠላው ሥር ተደብቋል። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት በጨለማው ውስጥ «ይቺ ልጅ ስትገባ እኮ ነው የሚጠፋው» አለች። የካሰች አባት ከማንኩሳ ወዲያ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነው። አገሩ በእሱ ማረሻ ያርሳል፤ ዓይኑን ግን ይፈራል። ከዚያ ወዲያ ክፉውን ቃል ማንም ጮክ ብሎ አላወጣውም። ማውጣትም አላስፈለገም፤ ካሰች የነካችውን ብርጭቆ ለብቻው ማስቀመጥ ተጀመረ።

ዛሬ ደግሞ የሚመጡት የቡሬው ቀኛዝማች ንብረት ናቸው፤ ልጃቸውን ለእንዳለው ሊሰጡ ቃል ገብተዋል፣ የሰርጉን ቀን ሊቆርጡ ነው። በእሳቸው ፊት ቤቱ ቢጨልም ወይዘሮ እማዋይሽ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው ይመርጣሉ።

አቻምየለሽ አሥረኛ ክፍል ናት። ሕንዳዊው የፊዚክስ መምህር በዚያ ሰሞን ያስተማራቸው የኤሌክትሪክን ሒሳብ ነበር፤ ቮልቱን በአምፔሩ ቢያባዙት ዋት ይወጣል፤ ቮልቱን ለአምፔሩ ቢያካፍሉት ኦም። ዋት ጉልበት ነው። ኦም ሽቦው ኤሌክትሪኩን አላሳልፍም የሚልበት ልክ ነው፤ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ስትመልሰው «እምቢታ» ከሚለው የተሻለ ቃል አላገኘችም። እምቢታው ያነሰ ሽቦ ብዙ ያሳልፋል። የእነሱ ምድጃ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ለማወቅ ገልብጣ ከሥሩ የተለጠፈውን ቆርቆሮ አየችው፤ በመንገድ ተፍቆ ቁጥሩ ጠፍቷል። እንግዲያው መለካት አለበት። እናቷ በርበሬ ሊገዙ ገበያ እስኪወጡ ጠበቀች፤ ከዚያ ምድጃውን በጋቢ ጠቅልላ እንደ እህል ተሸከመችና በጓሮ በር ወጣች።

ገበያው ሞልቷል። ከጃቢ የመጣ በርበሬ በየጆንያው ቀልቷል፤ አላፊው ሁሉ ያነጥሳል፤ የጋሪ ፈረሶች በሰው መሀል አንገታቸውን እያወዛወዙ ያልፋሉ። ሸክሙ ጀርባዋን ይቆረቁራታል። አንዲት የሰፈር ሴት አይታት ሳቀች፤ «ምነው አንቺ ልጅ፣ ሠራተኛ እያለሽ? ምን ልታስፈጪ ነው?»

«ነገር» አለች አቻምየለሽ፣ ሳትቆም።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ዘሩ ዱቄት ለብሶ እስከ ሽፋሽፍቱ ነጥቷል። ጋቢውን ስትገልጥለት ምድጃውን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ምድጃውን አየ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእኛ ነው፣ ጋሽ ዘሩ።»

«ሦስት አምፖል ብላችሁኝ ይሄን ነጠላ ሥር ደብቃችሁ ታበስላላችሁ?»

«እናበስላለን። መስመሩን ቢቆርጡብን አይፈረድብዎትም። ከመቁረጥዎ በፊት ግን ይለኩልኝ።» ከዚያ ስለ ካሰች ነገረችው። ዘሩ ፊቱን አዙሮ የመጨረሻዋን ባለእህል ሴት ጤፍ ፈጨና ሸኛት። ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ሞተሩን አቆመ፣ ቀበቶውን ወደ ጄኔሬተሩ አዞረ፣ እንደገና አስነሣው። «እኔ ደግሞ ሽቦዬ አርጅቶ መስሎኝ ራሴን ስወቅስ ነበር» አለ ብቻ።

ግድግዳው ላይ እንደ ሰዓት ያሉ ሁለት መለኪያዎች ተሰቅለዋል፤ አንዱ ቮልት፣ ሌላው አምፔር ያሳያል። የቮልቱ ቀስት ሁለት መቶ ሃያ ላይ ቆመ። ዘሩ ምድጃውን አገናኝቶ ሁለቱንም ዓይኖች ሲያበራ የአምፔሩ ቀስት ከዜሮ ተነሥቶ ዘጠኝ ላይ ደርሶ ረጋ። ጥምዝምዙ ሽቦ ቀስ በቀስ ቀላ። አቻምየለሽ ዱቄት በተነዛበት ጣውላ ላይ በጣቷ ጻፈች። ሁለት መቶ ሃያ በዘጠኝ ሲባዛ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዋት። ሁለት መቶ ሃያ ለዘጠኝ ሲካፈል፣ ሃያ አራት ከምናምን ኦም። ሦስቱ አምፖሎች ሁሉ አንድ ላይ ቢደመሩ የዚህን ዐሥረኛ እንኳ አይሞሉም።

«በረንዳችን ላይ የሚያስሯት ሽቦ ስንት ትችላለች?»

«አምስት አምፔር።»

«አምስት ለምትችል ዘጠኝ እናሸክማታለን ማለት ነው። ወዲያው አትቀልጥም፤ ቀስ እያለች ትግላለች። እስክትቀልጥ ድረስ ካሰች ወጡን ጥዳ በሩ ጋ ቆማለች።» አቻምየለሽ ጣቷ ላይ የቀረውን ዱቄት አራገፈች።

«ወፍራም ሽቦ ላድርግላችሁ ብል መስመሩ ራሱ ይነድዳል» አለ ዘሩ።

«ዛሬ ምንም አይንኩት። ቀጭኗ ትሁን። ሲመሽ ግን አንድ ሽቦ ይዘው በረንዳችን አጠገብ ይገኙልኝ።»

ቤት ስትደርስ እንዳለው በረንዳው ላይ ጫማውን ይወለውላል። ሸክሟን አይቶ ብሩሹን አስቀመጠ። የለካችውን ሁሉ ነገረችው፣ ቁጥር በቁጥር። አልተገረመም። ያስደነገጣትም ይኸው ነው።

«አውቃለሁ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «የመጀመሪያ ቀን ሲጠፋ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ጠዋት እማዬ ያን ሲሉ?»

«ምን ልበል? ምድጃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እማዬ ለአገር ለምድሩ አውርተውበታል። ዛሬ አናበራውም፣ መብራቱም አይጠፋም፣ ነገሩ በዚያው ይረሳል።»

«እሷ ሄዳ መብራቱ ካልጠፋማ፣ በቃ፣ እሷ ነበረች ሊባል ነው። ማን ይቀጥራታል? ማን ያገባታል? እህቶቿንስ ማን ያያቸዋል?»

«ለአንዲት ሠራተኛ ብለሽ እናትሽን በሰው ፊት ልታዋርጂ ነው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ተይው።»

«እስኪያድር ድረስ እሷን ማን ያሳድራታል?» አለችው። ከዚያም አፍ ከፈታች ጀምሮ «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ወንድሟን ያን ቀን «አንተ» አለችው። «አንተ ብትናገር አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ካልተናገርክ እኔ አለሁ።» እንዳለው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን ብሩሹን መልሶ አነሣና የተወለወለውን ጫማ ደግሞ መወልወል ያዘ። እሷም ሳሎን ገብታ ምድጃውን ነጠላው ሥር መለሰችው።

ካሰች ማድ ቤት ውስጥ ልብሷን በሻሽ ቋጥራ ተቀምጣለች። ወይዘሮ እማዋይሽ ከገበያ ተመልሰው «ወጡን ጨርሺና ጋሪ ፈልገሽ ሂጂ» ብለዋታል፤ ለምን እንደሆነ አልነገሯትም፣ እሷም አልጠየቀችም። አቻምየለሽ አጠገቧ ተንበርክካ ስለ ቮልቱ፣ ስለ አምፔሩ፣ ስለ ቀጭኗ ሽቦ አስረዳቻት። ካሰች አዳመጠች።

«ቁጥርሽን አላውቀውም» አለች በመጨረሻ። «እኔ እንዳልበላሁ ግን ካንቺ በፊት ነው የማውቀው። ለእኔ ማስረዳት ምን ያደርጋል? ለእነሱ ነው እንጂ።»

«ዛሬ ማታ ያዩታል። አትሂጂ።»

ካሰች ቋጠሮዋን አንሥታ ቆመች። «እንግዲያው ሲያዩ ልይ» አለች።

ሁለቱ በጓሮ ወጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ወዳለው ወደ አባ ወልደ ሥላሴ ቤት ሄዱ። አባ የቤተሰቡ የንስሐ አባት ናቸው፤ ለእራቱም ተጠርተዋል። ሽማግሌው ዳዊታቸውን አጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የአቻምየለሽን ነገር እስከ መጨረሻው ሰሙ። «እስከ ማታ ያስቀምጡልኝ፣ አባ። ከቤትዎ እንዳልወጣችም ይመስክሩልኝ» አለቻቸው።

«ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይታያል ነው የምትዪኝ?»

«ሽቦው ሲቀልጥ፣ አባ።»

ጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ ካሰች ዞረው «ግቢ ልጄ። ባለቤቴ ምስር ትለቅማለች፤ አግዣት» አሉ። ካሰች በዚያ ሳምንት «ግቢ» ስትባል የመጀመሪያዋ ነበር።

ሲመሽ ዘሩ ሞተሩን አስነሣ፤ የሳሎኑ አምፖል ፈካ። ቀኛዝማች ንብረት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው ከፍ ባለው ወንበር ተቀመጡ። ስለ መንገዱ ተወራ፣ ስለ ቡሬ በርበሬ ተወራ፣ ከጥር ዝናብ ይልቅ የመጋቢቱ እንደሚሻል ተወራ። ወይዘሮ እማዋይሽ ግን ጆሯቸው ለወሬው፣ ዓይናቸው ለአምፖሉ ነበር። መብራቱ ሳይጠፋ ሲቆይ ፊታቸው እየተፈታ ሄደ፣ ጠጁን ሁለቴ ቀዱ፣ በመጨረሻ ማንም ሳይጠይቃቸው «ቤቴን አጠዳሁ፣ ቀኛዝማች» አሉ። «አንዲት የማትሆን ልጅ ነበረች፤ ሸኘኋት። ይኸው መብራታችንም ጸናልን።» ቀኛዝማች ቀና ብለው አምፖሉን አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚሉት ገብቷቸዋል። አገሩ ሁሉ የሚገባው ነገር ነው።

አቻምየለሽ ከመደቡ ተነሣች። ከምድጃው ላይ ነጠላውን ገፈፈችና የዶሮ ወጡን ድስት ጣደችበት።

«ምን ታደርጊያለሽ? ወጡ ትኩስ ነው» አሉ እናቷ።

«ይሙቅ።»

«አቻምየለሽ፣ ተቀመጪ» አለ እንዳለው። ፊቱ ገርጥቷል።

«አንተ ንገራቸውና ልቀመጥ።»

እንዳለው ዓይኑን ወደ ጠጁ መለሰ። እሷም ሁለቱንም ማብሪያዎች አዞረችና እጇን አጣምራ ከአባቷ ፎቶግራፍ ሥር ቆመች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ካሰች የት ናት፣ እማዬ?» ብላ ጠየቀች።

«ማንኩሳ ገብታለቻ! ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

«እኔ ቤት ናት» አሉ አባ ወልደ ሥላሴ ከተቀመጡበት። «ከቀትር በኋላ ጀምሮ ምስር ስትለቅም ነበር። ስወጣም እዚያው ትቻት ነው የመጣሁት።»

ወይዘሮ እማዋይሽ መልስ ሊሰጡ ሲሉ የምድጃው ሽቦ ፍም መሰለ፤ ድስቱ መንተክተክ ጀመረ፤ ቤቱም ድርግም አለ። በጨለማው ውስጥ የቀረው የምድጃው ቀይ ዓይን ብቻ ነበር፤ እሱም እየደበዘዘ ሄደ። አንድ ሰው አማተበ።

«አሁንስ ማን በላው?» አለች አቻምየለሽ። ድምጿ ራሷ ከገመተችው በላይ ጠንካራ ወጣ። «ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነው የሚመጣልን። ምድጃው ዘጠኝ አምፔር ይስባል። በረንዳው ላይ ያለችው ሽቦ አምስት ነው የምትችለው። ዛሬ በዚሁ ዓይኔ አይቼ ለክቼዋለሁ። አህያ ከአቅሟ በላይ ጭነዋት ብትወድቅ ቡዳ በላት አይባልም!»

ሁሉም ሲሸሸው የሰነበተው ቃል በጨለማው መሀል ዱብ አለ። ማንም አላነሣውም። አቻምየለሽ ድስቱን አወረደች፣ ማብሪያዎቹን አጠፋች፣ በዳበሳ በሩን ከፍታ ወጣች። ዘሩ በባትሪ እያበራ የፊውዙን ሳጥን ከፍቶ ነበር። እሷ በአጥሩ በኩል ወደ አባ ቤት ሮጠች።

መብራቱ ሲመለስ ካሰች በእንግዳው በር እየገባች ነበር። በዚያ በር ገብታ አታውቅም። ቋጠሮዋን በብብቷ ይዛ ሳሎኑ መሀል፣ ልክ ከአምፖሉ ሥር ደርሳ ቆመች። ሰው ሁሉ አንዴ አምፖሉን፣ አንዴ እሷን አየ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እንኳ አላለም። ካሰችም የፈለጉትን ያህል ይዩኝ ብላ ራሷን ቀና አድርጋ ቆየች።

«እሜቴ» አለች፣ «ስሜን ይመልሱልኝ።»

ወይዘሮ እማዋይሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት። ወደ ልጃቸው ተመለከቱ። እንዳለው ከመቼውም በላይ አጎንብሷል። ቀኛዝማች የጠጅ ብርሌያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እሳቸውም ወደዚያው ተመለከቱ።

«ምድጃው ነው» አለ እንዳለው ለወለሉ። «አውቅ ነበር።»

«እኔን እያዩ ይናገሩ፣ ጋሼ» አለች ካሰች።

እንዳለው ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ምድጃው ነው፣ ካሰች። አንቺ አይደለሽም። መጀመሪያውኑ አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

«እንግዲህ ነገሩ ካለቀ» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ ማንንም ሳያዩ፣ «ቋጠሮሽን ማድ ቤት አግቢና ሥራሽን ቀጥይ።»

«አልቀጥልም፣ እሜቴ። ጠዋት አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ተባርራ መጣች የሚለኝ ሰው ካለ፣ ቀኛዝማች ንብረት በተቀመጡበት ‹ምድጃው ነው› መባሉን እነግረዋለሁ።»

ቀኛዝማች ጢማቸውን ዳሰሱ። አፋቸውን ለመክፈት አልቸኮሉም፤ የሚናገሩት ነገር ቡሬም ማንኩሳም እንደሚደርስ ያውቃሉ። «ቢጠይቁኝ እኔም እመሰክራለሁ» አሉ። ካሰች እጅ ነሣችና በገባችበት በር ወጣች። ማንም አልሸኛትም፤ አቻምየለሽ ብቻ እስከ ደረጃው ድረስ ሄዳ ጉንጯን ሳመቻት፣ ተመልሳም ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

«አዋረድሽኝ» አሏት እናቷ በሹክሹክታ።

«እሷን በሰው ፊት አዋርደዋት የለ? በሰው ፊት ነው የምትነሣው» አለች አቻምየለሽ። አልሾከሾከችም።

እራቱ ቀርቧል፤ እጅ ግን አልታጠበም። ማንቆርቆሪያውና ሳህኑ በሩ አጠገብ፣ ከፎጣው ጋር ተቀምጠዋል፤ የሚያስታጥብ ሰው የለም። እንግዶቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ወይዘሮ እማዋይሽ ሴት ልጃቸውን በዓይን ጠቀሷት። አቻምየለሽ አይታለች፤ አልተነሣችም። ደግመው ጠቀሷት። ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም።

በመጨረሻ እንዳለው ተነሣ። ኮቱን አወለቀ፣ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጣለ፣ ማንቆርቆሪያውን አነሣ። የቀኛዝማችን እጅ አስታጠበ፣ የሽማግሌዎቹን፣ የአባን፣ የእናቱን። አልለመደውምና ውኃው እጅጌው ላይ ይፈስ ነበር። ከሁሉም በኋላ ከታናሽ እህቱ ፊት ደርሶ ቆመ። ማንቆርቆሪያውን ትቀበለኛለች ብሎ ትንሽ ጠበቀ። ሳትቀበለው ስትቀር ጎንበስ ብሎ ሳህኑን አቀረበላት። አቻምየለሽም ሁለት እጇን ዘረጋች።